አደጋ በደረሰበት ወረዳ የጤና ባለሙያውን እንዴት እንደግፍ?

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ዞን ጠለምት ወረዳ ከባድ ዝናብ ያስከተለው የመሬት ናዳ ቢያንስ 10 ሰዎችን ገደለ፤ ወደ 2,400 የሚጠጉ ሰዎችን ደግሞ ከቀያቸው አፈናቀለ። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ናዳ ከ250 በላይ ሰዎችን ጨርሷል። በጎፋ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ነበሩ፤ የጤና ባለሙያዎችም በመካከላቸው ነበሩ።

ናዳ በአንድ ቀን ይመጣል። ድርቅ ግን ቀስ ብሎ ገብቶ ይቆያል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የሰሜን ጎንደር ወረዳዎችን ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን የመታው ድርቅ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ለወራት ወደ ጤና ተቋማት ሲያመጣ ኖሯል። የሰሜን ጎንደሩ ናዳም ሆነ ድርቅ የደረሰው በጦርነት ብዙ ባጣ፣ የጸጥታው ሁኔታም ባልረጋ አካባቢ ነው።

በሰሜን ጎንደር ወረዳዎች የሚሠራ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አደጋውን ከሩቅ መጥቶ የሚያይ እንግዳ አይደለም። ቤቱ እዚያው ነው፤ ከሟቾቹ መካከል ዘመድ ወይም ጎረቤት ይኖረዋል፤ የራሱ ጎተራም ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድጋፉ ለታካሚው ከሚደረገው ተለይቶ፣ ግን አብሮት መታቀድ አለበት።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ ከአደጋ በኋላ የባለሙያውን አእምሮ በቅድሚያ የሚጠብቀው የሥራው አደረጃጀት ነው። ማን ስንት ሰዓት ይሠራል፣ የት ያርፋል፣ ምን ይበላል፣ ክፍያው መቼ ይገባል፣ ቤተሰቡን መቼ ያገኛል የሚሉት ሳይመለሱ የሚሰጥ ምክርና ሥልጠና ሥር አይዝም። ምክሩ ለጤና ጣቢያና ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለሜትረኖች፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አስተባባሪዎች የቀረበ ነው። ሥልጣን የሌለው የሥራ ባልደረባም ብዙውን ሊጠቀምበት ይችላል።

1. ዝርዝሩን ሙሉ ያድርጉ

ድጋፍ ሲታሰብ ቶሎ ትዝ የሚሉን ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። ወረቀት አውጥተው አደጋው የነካቸውን የተቋሙን ሰዎች በሙሉ በስም ይጻፉ። የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛውና በልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎች ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለባቸው። አስከሬን የሚያነሳው፣ ደም የሚያጥበው፣ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅሰውን ቤተሰብ የሚያረጋጋው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከሁሉም የሚረሱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የተቀረጸው በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲኖሩና ከሕዝቡ ጋር እንዲቀመጡ ተደርጎ ነው። አደጋ ሲደርስ የሟቹንና የተፈናቃዩን ስም እየዞረች የምትመዘግበው እሷ ልትሆን ትችላለች። ጤና ኬላው ሩቅ ነው፤ ስልክ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ራሷ እስክትጠይቅ መጠበቅ አይገባም። ለእያንዳንዷ የሚደውል ወይም በአካል የሚሄድ አንድ ሰው በስም ይመድቡ።

ከስሙ ጎን ሦስት ነገሮች ብቻ ይመዝግቡ፤ የቅርብ ሰው ሞቶበታል ወይ? ቤቱ ወይም ንብረቱ ተጎድቷል ወይ? ከአደጋው ወዲህ ሙሉ ቀን ያረፈው መቼ ነው? ዝርዝሩን ከእርስዎና ከአንድ ምክትል በስተቀር ማንም አይያዘው።

2. ባለሙያውን ወደ ሌላ አደጋ አይላኩ

የጎፋው ናዳ ያስተማረው ቀላልና ከባድ ትምህርት አለ። የተንሸራተተ ተራራ እንደገና ሊንሸራተት ይችላል፤ በተለይ ዝናቡ ካላቆመ። ቦታው በሚመለከተው አካል ሳይታይ የሕክምና ቡድን ከቁልቁለቱ ሥር አይሰማራ። የመቀበያ ቦታውን ከናዳው መንገድ ውጭ ያድርጉ፤ ቁስለኛውን ወደዚያ ማምጣት ይሻላል።

ይህ ለአካል ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም። አለቃው ደኅንነቱን እንደሚያስብለት የሚያውቅ ሠራተኛ ሥራውን ተረጋግቶ ይሠራል። የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ መንገዱ ቢዘጋ የት እንደሚያድር ከመውጣቱ በፊት ይንገሩት። ቡድኑ ሲመለስም ለቤተሰቡ የሚነግር ሰው ይኑር።

3. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፤ ምግብ፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ፣ ወሬ

በእነዚህ ቀናት ስለ ስሜት ብዙ ማውራት አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው።

ሀ. ምግብና ውሃ። አንድ ሰው የተረኞችን ምግብ ብቻ እንዲያስብ ይመድቡ። የክረምቱ አደጋ ከፍልሰታ ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል፤ የጾምና የፍስክ ምግብ ለየብቻ ይዘጋጅ። በረመዳን ወቅት ከሆነ የማፍጠሪያው ሰዓት ከዲዩቲ ርክክብ ጋር እንዳይጋጭ ፕሮግራሙን ያስተካክሉ።

ለ. ሙቀት። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጃናሞራና በየዳ ከዚያም የሚበልጥ ደጋ አላቸው። ከጎንደር ወይም ከቆላ ለእርዳታ የሚመጣ ባለሙያ ልብስ ሳይዝ ሊደርስ ይችላል። ብርድ ልብስ፣ ፍራሽና ደረቅ ካልሲ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ።

ሐ. እንቅልፍ። ተረኛ የሚተኛበት፣ የሚዘጋና ታካሚ የማያንኳኳው ክፍል ይለዩ። ክፍል ከሌለ በመጋረጃ ይከለል። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል፤ ከስህተቱ በኋላ የሚመጣው ጸጸት ደግሞ ከአደጋው ትዝታ በላይ ሊቆይ ይችላል።

መ. ትክክለኛ ወሬ። በየቀኑ በአንድ የታወቀ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ የታወቀውንና ያልታወቀውን ለይተው ይንገሩ። ስንት ቁስለኛ እንደሚጠበቅ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ መድኃኒት መቼ እንደሚደርስ። ወሬ ባጣ ተቋም ውስጥ አሉባልታ ይነግሣል፤ ሠራተኛውም በማያውቀው ነገር ሲጨነቅ ይውላል።

4. የተረኛ ፕሮግራሙን በእጅዎ ይያዙ

አደጋ ሲደርስ ሁሉም «እኔ አለሁ» ይላል። ይህ መልካም ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግን የሚቆም ሰው ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ማን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ማን ወደ ቤቱ እንደሚሄድም ይወስኑ።

የሚከተሉትን እንደ ደንብ ይያዙ።

• አንድ ተራ ከ12 ሰዓት አይብለጥ። የመንገድ ጊዜ እንደ ሥራ ይቆጠር። ሪፈር ይዞ ጎንደር ደርሶ የተመለሰ ነርስ ወዲያው ዲዩቲ አይግባ።

• በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ለሁሉም ይኑር። «ከፈለግህ እረፍ» አይበሉ፤ እንዲህ ሲባል የሚያርፍ የለም። ስሙን ጽፈው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ።

• ከባዱን ቦታ ያዛውሩ። አስከሬን መለየት፣ ለቤተሰብ መርዶ መንገርና የተጎዱ ሕፃናት ክፍል በአንድ ሰው ላይ ለሳምንታት መውደቅ የለባቸውም። ከእነዚህ የወጣ ሰው ቀጥሎ ክትባት ወይም ተመላላሽ ክፍል ይሥራ።

• ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምሩ። ልምድ ያለው ከጀማሪ ጋር ይሁን። ጥንዶቹ በተራው መሀል እርስ በርስ «በላህ? ተኛህ?» የመጠየቅ ግዴታ ይኑርባቸው።

• ርክክቡን አያሳጥሩ። ተራው ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ወስዶ የታካሚዎቹን ሁኔታ ያስረከበ ባለሙያ «የኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ» ማለት ይችላል። ሳያስረክብ የሄደ ሰው ሌሊቱን አልጋው ላይ ሆኖ ሲሠራ ያድራል።

የዲዩቲ ክፍያ እዚሁ ውስጥ ይገባል። ከኑሮው ጋር የሚታገል ሠራተኛ የሠራበት ገንዘብ ለወራት ሲዘገይ ጉዳቱ ከኪሱ ያልፋል፤ ድካሙ እንዳልተቆጠረ ያየዋል። በእጅዎ ያለውን ያድርጉ፤ የተሠራውን ሰዓት በየቀኑ ያስፈርሙ፣ ሰነዱን በወቅቱ ይላኩ፣ ከዘገየ ምክንያቱን ይንገሩ። የማይፈጽሙትን ቀን ቃል አይግቡ።

5. የሚጠበቀውን ምላሽ ከሕመም ይለዩ

አደጋ ካየ በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገት መደንገጥ፣ የናዳው ድምፅ እንደገና የተሰማ መምሰል፣ ማልቀስ ወይም ማልቀስ አለመቻል፣ መነጫነጭ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት የተለመዱ ናቸው። በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ። ለባልደረባዎ በሁለተኛው ቀን የሕመም ስም አይስጡት።

በእኛ አገር ጭንቀት ብዙ ጊዜ በአካል በኩል ይናገራል። ራስ ምታት፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ የልብ ምት፣ የጀርባ ሕመም እያለ በተደጋጋሚ ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ሰነፍ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት የሥራ ሰዓቱን ይቁጠሩ። አካላዊ ምርመራውም አይቅር፤ «ጭንቀት ነው» ተብሎ የታለፈ ታይፎይድ ወይም ደም ማነስ ሊኖር ይችላል።

ሁለት የጊዜ ምልክቶችን ያስታውሱ። ድባቴ የሚባለው ሐዘንና የፍላጎት መጥፋት ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ለሁለት ሳምንት ሲዘልቅና ሥራንና ኑሮን ሲያውክ ነው። ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው ደግሞ ቅዠቱ፣ ከትዝታው መሸሹና ድንጋጤው ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩ ነው። ከዚያ በፊት መጠበቅ ማለት ዝም ማለት አይደለም፤ እየደገፉ መከታተል ነው።

6. እንዴት እንደሚያነጋግሩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት እርምጃዎች አሉት፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ለማኅበረሰቡ የተዘጋጀ ቢሆንም ለሥራ ባልደረባም ይሠራል።

ማየት፦ ከወትሮው የተለወጠው ማን ነው? ተጫዋቹ ዝም ብሏል? ጠንቃቃዋ ካርድ መሙላት ትታለች? አንዱ ደግሞ ከተቋሙ አልወጣም ብሏል? ያለማቋረጥ መሥራትም ምልክት ነው።

ማዳመጥ፦ ለብቻ፣ በር ዘግተው ወይም ቡና ላይ ይቀመጡ። በሚታይ ነገር ይጀምሩ። «ሲስተር፣ ሰሞኑን ምሳ ስትበዪ አላየሁሽም፤ እንዴት ነሽ?» ማለት «ስሜትሽ እንዴት ነው?» ከማለት ይሻላል። ካወራች አያቋርጡ፤ ካላወራች አይጫኑ። «ስትፈልጊ አለሁ፤ ነገ ከርክክብ በኋላ እመጣለሁ» ይበሉና ይምጡ።

«አይዞሽ» ደግ ቃል ነው፤ ግን ንግግሩን መዝጊያ አያድርጉት። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ወይም «አላህ ያለው ነው» የሚለውን እሷ ራሷ ትበለው፤ እርስዎ ለማጽናናት ቸኩለው ሲሉት ዝም በይ ማለት ሊመስል ይችላል። «ከአንቺ የባሰ አለ» የሚለውን ከነጭራሹ ይተዉት።

ማገናኘት፦ ንግግሩ ሲያልቅ አንድ የሚጨበጥ ነገር ይኑር። የቤት ስልክ ማስደወል፣ የሁለት ቀን ፈቃድ፣ ለወደቀው ቤት ቆርቆሮ የሚገኝበትን ማጣራት፣ ወደ ባለሙያ መላክ።

በግዳጅ ሰብስቦ «ያያችሁትን ሁሉ ተናገሩ» ማለት ልማድ ሆኖ የቆየ አሠራር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአደጋ በኋላ ለሁሉም የሚደረገውን እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ስብሰባ እንደማይመክር ገልጿል፤ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ አንዳንዱን ሊጎዳም ይችላል። የሥራ ግምገማ ግን ሌላ ነው። አምቡላንሱ ለምን ዘገየ፣ ግሉኮስ ለምን አለቀ ብሎ መነጋገርና ማስተካከል ሠራተኛውን ይጠቅማል። ሁለቱን አያደባልቁ፤ በግምገማውም ላይ ጥፋተኛ ፍለጋ አይግቡ።

7. ለለቅሶ ጊዜ ይስጡ

ሌላው ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ የጤና ባለሙያው ዲዩቲ ላይ ነው። የእናቱ ወንድም ሰልስት ያመለጠው፣ ለጎረቤቱ ቀብር ያልደረሰ ነርስ በሰፈሩ «አልመጣም» ተብሎ ይወቀሳል፤ እሱም ሐዘኑን ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ በፕሮግራሙ ላይ የለቅሶ ፈቃድ በግልጽ ይታወቅ። ከሥራ መለየት የማይቻል ከሆነ ተቋሙ ራሱ ተወካይ ልኮ ለቤተሰቡ ምክንያቱን ይናገርለት። የእድሩም ዳኛ ይህን እንዲያውቅ ያድርጉ፤ መቅጫ እንዳይጻፍበት።

የሥራ ባልደረባ ሞቶ ከሆነ ሦስት ነገሮችን አይዝለሉ። መርዶው ለሠራተኛው በአንድ ጊዜ፣ በኃላፊው አፍ ይነገር እንጂ በፌስቡክ አይድረስ። ዕቃውን ቤተሰቡ ባለበት የሚያስረክብ ሰው ይሰየም። የደመወዙንና የጡረታውን ሰነድ የሚከታተል አንድ ሠራተኛ በስም ይመደብ። ቤተሰቡ በየቢሮው ሲንከራተት የሚያይ ባልደረባ ነገ እኔም እንዲሁ ነኝ ይላል። ለአርባው ወይም ለሶደቃው ተቋሙ ሰው ይላክ።

የሃይማኖት አባቶች፣ ጸሎትና ጸበል ለብዙ ሠራተኛ እውነተኛ ብርታት ናቸው። ከሕክምና ጋር አያጋጩአቸው፤ መድኃኒት ያስጀመሩትን ሰው ግን ጸበል ሲሄድም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ በግልጽ ይንገሩት።

8. ከመደርደሪያው መድኃኒት ይጠንቀቁ

የጤና ባለሙያ ከሌላው ሰው የሚለይበት አንድ አደጋ አለ፤ የመድኃኒቱ ቁልፍ በእጁ ነው። እንቅልፍ ሲያጣ ዳያዚፓም፣ ሰውነቱን ሲያመው ትራማዶል ለራሱ ማዘዝ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አደጋ ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለጭንቀት ምልክትም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣት እንደ ዳያዚፓም ያሉ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ ይመክራል። ሱስ የማስያዝ ጠባይ አላቸው።

የሚደረገው ይህ ነው። ለሠራተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት እንደማንኛውም ታካሚ በካርድና በሌላ ባለሙያ እጅ ይሁን። ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች መዝገብ በየተራው ይቆጠር። አረቄና ጫት ከወትሮው ሲበዙ ካዩ በቁጣ አይጀምሩ፤ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ይጠይቁ።

ለእንቅልፍ የሚሻሉ ቀላል መንገዶች አሉ። ከሌሊት ተራ በኋላ ቡና አለመጠጣት፣ ክፍሉን ማጨለም፣ ስልክን ከአልጋ ማራቅ፣ ከመተኛት በፊት አየርን በአፍንጫ ቀስ ብሎ አስገብቶ ከዚያ ረዘም አድርጎ ማስወጣትን ለአምስት ደቂቃ መደጋገም። በየቀኑ ሲደረግ ነው የሚሠራው።

9. አቅም ሲያጥር ውሳኔውን በአንድ ሰው ላይ አይጣሉ

በድርቅ ወቅት ባለሙያውን የሚያቆስለው የሚያየው ሞት ብቻ አይደለም። ማድረግ የሚያውቀውን ነገር እያወቀ ዕቃው ስለሌለ ሳያደርግ መቅረቱ ነው። ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒነት አልቆ እናት መመለስ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ሪፈር ማቆየት፣ አንድ ኦክስጅን ለሁለት ሕፃናት ማካፈል። ይህ ጸጸት በዕረፍት ብቻ አይሽርም።

መፍትሔው አሠራር ነው። ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ መመሪያው በጽሑፍ ይኑር፤ ውሳኔውን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይወስኑ፤ የጎደለው ነገርና ቀኑ ይመዝገብ። መዝገቡ ሁለት ጥቅም አለው። ለወረዳና ለዞን የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል፤ ባለሙያውም ሕፃኑ ያጣው እቃውን እንጂ የእሱን ጥረት እንዳልሆነ በጽሑፍ ያየዋል።

ድርቅ የሚያበቃበት ቀን ስለማይታወቅ «ካለፈ በኋላ እናርፋለን» አይሠራም። የዓመት ፈቃድን በተራ መስጠት በመካከሉ ይጀመር።

10. ወደ ባለሙያ የሚላከው መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ አይዘግዩ።

• ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት ሲናገር። በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒትና መሣሪያ ያርቁ፤ በዚያው ቀን ይላኩት።

• የሌለ ድምፅ ሲሰማ ወይም ንግግሩ ከእውነታው ሲርቅ።

• በመጠጥ ወይም በመድኃኒት ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ሥራ ሲገባ።

• ከአንድ ወር በኋላም ቅዠቱና ፍርሃቱ ሳይቀንስ፣ ወይም ድባቴው ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘልቅ።

በቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ ከዚያ ይጀምሩ፤ ከአቅም በላይ ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በትንሽ ከተማ ትልቁ እንቅፋት ሐሜት ነው። በራሱ ተቋም፣ በራሱ ባልደረባ መታከም የማይፈልግ ሠራተኛ መብቱ ነው፤ ሌላ ቦታ ይላኩት፣ ፈቃዱንም «ለሕክምና» ብቻ ብለው ይጻፉ። የሕመሙ ስም በሰው ኃይል ማኅደሩ ውስጥ አይግባ። ሲመለስ ቀለል ካለ ክፍል ያስጀምሩት።

11. በተደጋጋሚ የሚሠሩ ስህተቶች

በጀግንነት መሸፈን። ሽልማትና ሰርተፍኬት መልካም ነው። ነገር ግን «ጀግና» የተባለ ሰው ደከመኝ ለማለት ያፍራል። ምስጋናውን የተለየ ሥራ እየጠቀሱ ይስጡ፤ ከዕረፍት ቀን ጋር ያያይዙት።

ሥልጠና በሥልጠና ላይ መደረብ። ጭንቀትን ስለመቋቋም የሁለት ቀን ሥልጠና ለመስጠት ተረኛውን ከዕረፍቱ መጥራት ተቃራኒውን ያመጣል።

መጠይቅ ማብዛት። አደጋ በደረሰ ቁጥር ጥናት የሚያጠኑ ቡድኖች ይመጣሉ። ለጥናቱ ፈቃድ ሲጠየቁ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፤ መጠይቁን ሲሞላ የሚረበሽ ሠራተኛ በዚያው ቀን ማን ያነጋግረዋል? መልስ ከሌለ ጥናቱ ይቆይ።

ኃላፊውን መርሳት። ሌሊቱን ሁሉ ስልክ የሚያነሳው እርስዎ ነዎት። ምክትልዎ ሙሉ ውሳኔ የሚሰጥባቸው ሰዓታት ይኑሩ፤ በእነዚያ ሰዓታት ስልክዎን ይዝጉ። የሚያማክሩት ሰው ከተቋሙ ውጭ ይፈልጉ፤ በሌላ ወረዳ ያለ ኃላፊ ብዙ ጊዜ ከማንም ይሻላል። እርስዎ ሳያርፉ «እረፉ» ቢሉ የሚሰማ የለም።

12. ከአንድ ወር በኋላ የሚቀጥለው ሥራ

የእርዳታ መኪናዎች ሲወጡ ድካሙ ይገለጣል። በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር የመጀመሪያውን ዝርዝር አውጥተው እያንዳንዱን ሰው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያነጋግሩ። ዝውውር የሚጠይቁትን ለብቻ ያዳምጡ፤ ቦታ መቀየር የሚያሽረው ሰው አለ፣ የእረፍት ማጣት ብቻ ያስመረረውም አለ። ዓመቱ ሲዞርና ክረምቱ ሲገባ ናዳ ያዩ ሰዎች እንቅልፍ ሊያጡ ይችላሉ፤ አስቀድመው ይንገሯቸው፣ በዚያ ሳምንት ብቻቸውን ሌሊት አይመድቧቸው።

ጎንደር ለአደጋ ጊዜ የጤና ሥራ ባዕድ አይደለችም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር። በቡድን መሥራት ለታካሚው የተፈለሰፈ ዘዴ ቢሆንም ባለሙያውንም ከብቸኝነት ይጠብቀዋል።

ከሚመጣው ሰኔ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። የሠራተኞች ሙሉ ዝርዝርና የቤተሰብ ስልክ፤ የአደጋ ጊዜ ተረኛ ፕሮግራምና ተተኪዎች፤ የማረፊያ ክፍል፣ ብርድ ልብስና የምግብ ኃላፊ፤ ለየጤና ኬላው የሚደውለው ሰው ስም፤ የአእምሮ ጤና ሪፈር የሚቀበለው ተቋምና ስልኩ፤ የእርስዎ ተወካይ። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ያንብቡት፣ ሠራተኞች የተቃወሙትን ያስተካክሉ፣ ያስፈርሙና አንዱን ቅጂ ለወረዳው፣ አንዱን ለማስታወቂያ ሰሌዳው ይስጡ፤ የቤተሰብ ስልኩ ግን ሰሌዳ ላይ አይውጣ።